መጀመሪያ የሚደርሰው አምቡላንሱ አይደለም

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ላይ በቶኪዮ ጹኪጂ ሰፈር በሚገኘው የቅዱስ ሉቃስ ዓለም አቀፍ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል የመጀመሪያው ታማሚ ገባ። የመጣው በእግሩ ነበር። ዓይኑን እንደሚያመውና ብርሃን እንደደበዘዘበት ተናገረ። አምቡላንስ ከዚያ በር ላይ የቆመው ከአሥር ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው። ዕለቱ ሰኞ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 1995፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 11 ቀን 1987 ዓ.ም. ነበር።

ጥቂት ቀደም ብሎ የኦም ሺንሪክዮ ኑፋቄ አባላት በሦስት መስመሮች ላይ በሚመላለሱ አምስት የምድር ውስጥ ባቡሮች ተሳፍረው፣ በጋዜጣ የተጠቀለሉ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ወለል ላይ አስቀምጠው፣ በተሳለ የጃንጥላ ጫፍ ወግተዋቸው ወርደዋል። ከከረጢቶቹ የፈሰሰው ሳሪን የተባለው የነርቭ መርዝ ነው። በጥቃቱ የሞቱት ሰዎች ቁጥር በመጨረሻ 14 ደርሷል። የመጨረሻዋ ሟች ከ25 ዓመታት ስቃይ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ያረፈች ሴት ናት። ሕክምና ፍለጋ ወደ ጤና ተቋማት የሄደው ሰው ቁጥር ግን ከ5,000 በላይ ነበር።

ስለዚያ ቀን ብዙ ተጽፏል። በመርዛማ ንጥረ ነገር የተበከሉ ሰዎችን የመርዳት ሥራ እንዴት መዘጋጀት እንዳለበት ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ግን ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው ታማሚዎቹ ሆስፒታል የደረሱበት መንገድ ነው። አምቡላንሶች ያጓጓዙት 688 ሰዎችን ነው። ከ4,000 በላይ የሚሆኑት በእግራቸው፣ በታክሲ፣ በመንገደኛ መኪና፣ እንዳገኙት ራሳቸውን አደረሱ። ቅዱስ ሉቃስ ብቻ በዚያ አንድ ቀን 640 ሰው ተቀበለ። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ሲገቡ ሳሪኑ የነካውን ካፖርት፣ ሹራብና ኮት እንደለበሱ ነበር። የከተማው የእሳትና ድንገተኛ አደጋ መሥሪያ ቤት በድንኳንና በመታጠቢያ ያሰለፋቸው አልነበሩም፤ እንዲያ ያለ ሰልፍ ከመዘርጋቱ በፊት እነሱ ደርሰው ነበር።

በየአገሩ የአደጋ ጊዜ ሕክምና ዝግጅት ሲነሳ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ምስል አንድ ነው፤ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር በቢጫ ልብስ የተሸፈነ፣ በጀርባው የአየር ሲሊንደር ያዘለ ሰው። ልብሱ ያስፈልጋል፣ ወደ እሱም እመለሳለሁ። ነገር ግን ዝግጅትን ከልብሱ የሚጀምር ተቋም የተበከለው ሰው ባለበት ቆሞ እንደሚጠብቀው ገምቷል ማለት ነው። የተመረዘ ሰው አይጠብቅም። ትንፋሽ ያጠራት እናት፣ ልጁን ያዘለ አባት፣ ዓይኑ የደበዘዘበት ሠራተኛ ወደሚያውቀው ቅርብ ሆስፒታል ይሮጣል። ሆስፒታሉ ያኔ ሁለተኛ የአደጋ ቦታ ይሆናል። አሜሪካውያን የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት መመሪያ ለሆስፒታል ሠራተኞች የተለየ ስም የሰጧቸው ለዚህ ነው። አደጋው ቦታ የሚደርሱት ሰዎች ቀዳሚ ደራሾች ሲባሉ፣ በሆስፒታል በር የሚጠብቁት ቀዳሚ ተቀባዮች ተባሉ።

በቶኪዮ ቀዳሚ ተቀባዮቹ የከፈሉት ዋጋ ተመዝግቧል። የቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታል ሠራተኞች ከጥቃቱ በኋላ በመጠይቅ ሲጠየቁ፣ መልስ ከሰጡት 472 ውስጥ 110 የሚሆኑት፣ ማለትም ከአራት አንድ የሚጠጋው፣ የመመረዝ ምልክት እንደታየባቸው ተናገሩ። ከተማዋ ካሰማራቻቸው 1,364 የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች 135ቱ ተመሳሳይ ችግር ገጠማቸው። ማናቸውም ባቡሩ ውስጥ አልነበሩም። የመረዛቸው ከታማሚው ልብስ የሚተነው ሳሪን ነው።

በዚያ ሆስፒታል ውስጥ የነበረው የጸሎት ቤት ደጋግሜ የማስበው ነገር ነው። የሆስፒታሉ ኃላፊ ሐኪም ሺገአኪ ሂኖሃራ አዲሱ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲከፈት፣ አንድ ቀን ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ቢጎዳ ብለው በመተላለፊያዎቹና በጸሎት ቤቱ ግድግዳ ጭምር የኦክስጅን መስመር አዘርግተው ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ያ ቀን መጣ። ጸሎት ቤቱ በታማሚዎች ሞላ፣ ኦክስጅኑም ተገኘ። ይህ አርቆ አሳቢነት ብዙዎችን ጠቅሟል። የጸሎት ቤቱ የአየር ዝውውር ግን ደካማ ነበር። ከታማሚዎቹ ልብስ የወጣው ተን እዚያው ተከማቸ፣ በመጠይቁ መሠረትም ጸሎት ቤቱ ውስጥ ከሠሩት ሠራተኞች ግማሽ የሚጠጉት ምልክት ታየባቸው። ሂኖሃራ የምድር መንቀጥቀጥን አስበው ያዘጋጁት ቤት ለመርዝ አልተዘጋጀም ነበር። ሁለቱ አደጋዎች የሚጠይቁት ነገር ይለያያል። ለተሰበረ አጥንት ጣሪያ ያለው ሰፊ አዳራሽ ጥሩ ነው፤ ለተበከለ ሰው ግን ደጅ፣ ነፋሻማው ግቢ ይሻላል።

መረጃው ደግሞ ከታማሚው ዘግይቶ ደረሰ። መጀመሪያ የተባለው ፍንዳታ ነው፤ ቀጥሎ አሴቶናይትራይል የተባለ ሌላ ኬሚካል ተገኘ ተባለ። ሐኪሞቹ ግን ዓይናቸው ያየውን አመኑ። የሁሉም ታማሚ የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠቧል፤ ይህ ኦርጋኖፎስፌት የተባለው ነርቭን የሚያጠቃ የመርዝ ዓይነት ምልክት ነው። በዚህ መሀል ከማጹሞቶ ከተማ አካባቢ አንድ ሐኪም ስልክ ደወሉ። በማጹሞቶ እ.ኤ.አ. በ1994 ሰኔ ወር ማታ ላይ ያው ኑፋቄ ሳሪን ለቆ ሰዎች ሞተው ስለነበር፣ የተመለከቱት ነገር ከዚያ ጋር እንደሚመሳሰል አሳወቁ። ፖሊስ ሳሪን መሆኑን በይፋ ሲናገር ከጠዋቱ 5 ሰዓት ገደማ ሆኖ ነበር፤ ሆስፒታሉም ዜናውን የሰማው ከቴሌቪዥን ነው። አንድ ሐኪም ለሌላ ሐኪም የደወለው ስልክ ከመንግሥት የመረጃ ሰንሰለት ቀድሞ ደረሰ። ማንኛውም የዝግጅት ዕቅድ ይህን ማወቅ አለበት፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሰዓታት የንጥረ ነገሩ ስም አይታወቅም፣ ሥራው ግን ስሙን አይጠብቅም።

ስም ሳይታወቅ እንዴት ይሠራል? እዚህ ላይ ብሪታንያውያን ለአምቡላንስ፣ ለፖሊስና ለእሳት አደጋ ሠራተኞቻቸው ለረጅም ጊዜ ያስተማሩት ቀላል ደንብ አለ። ያለ ግልጽ ምክንያት አንድ ሰው ወድቆ ካገኘህ እንደ ወትሮው ሥራ። ሁለት ሰዎች ወድቀው ካገኘህ ተጠንቅቀህ ቅረብ። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ አትቅረብ፣ ወደ ኋላ ራቅ ብለህ ልዩ ቡድን ጥራ። ደንቡ ፊደል ላልቆጠረም ይገባል፤ የኬሚስትሪ ዕውቀትም አይጠይቅም። ከጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሠራተኛን ለማዳን የገባ ሁለተኛ ሰው፣ እሱን ለማዳን የገባ ሦስተኛ ሰው ተከታትለው ሲሞቱ ለሰማን ሰዎች፣ ይህ ደንብ ምን ያህል ነፍስ እንደሚያድን ማስረዳት አያስፈልግም። የወደቀን ዘመድ ዘልሎ ማንሳት ደግነት ነው፤ ያለ አየር መሣሪያ ጉድጓድ መግባት ግን ለቅሶውን እጥፍ ያደርገዋል።

ቀጣዩ ነገር ነፋሱ ነው። አምቡላንስ ሁልጊዜ ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ ይቀርባል፣ ከተቻለም ከፍ ካለ ቦታ። ክሎሪን ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየተሳበ ቦይና ዝቅ ያለ ስፍራ ላይ ይተኛል። እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2022 በዮርዳኖስ አቃባ ወደብ ክሎሪን የሞላ ታንክ በክሬን ሲነሳ ገመዱ ተበጥሶ መርከብ ላይ ወደቀ፤ ቢጫው ደመና ወደቡን ሸፈነው፣ 13 ሰዎች ሞቱ፣ ከ250 በላይ ተጎዱ። በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና በግራኒትቪል ከተማ እ.ኤ.አ. በጥር 2005 ሌሊት ባቡር ተጋጭቶ በርካታ ቶን ክሎሪን ሲፈስስ ዘጠኝ ሰዎች ሞተዋል። ሁለቱም ጦርነት ወይም ሽብር አይደሉም፤ የዕለት ተዕለት ጭነት ናቸው። የብክለት አደጋ ዝግጅት የሽብርተኝነት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲቀርብ የምቃወመው ለዚህ ነው። አብዛኛው ስጋት በቦቴ ተጭኖ በዋናው መንገድ ያልፋል።

ቦቴው ራሱ የሚናገረው ቋንቋ አለው። አደገኛ ጭነት የሚያጓጉዝ ተሽከርካሪ በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ይለጠፍበታል። 1203 ቤንዚን ነው፣ 1005 አሞኒያ፣ 1017 ክሎሪን። አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ በጋራ የሚያሳትሙት ብርቱካናማ ሽፋን ያለው መመሪያ መጽሐፍ በየአምቡላንሱና በየእሳት አደጋ መኪናው ይቀመጣል፤ ቁጥሩን የያዘ ሰው ስንት ሜትር መራቅ፣ ምን መልበስ፣ ውሃ ማፍሰስ ወይም አለማፍሰስ እንዳለበት በአንድ ደቂቃ ያገኛል። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ባለው መንገድ ላይ የአገራችን የገቢ ዕቃ አብዛኛው ይጓዛል፣ ነዳጁም ማዳበሪያውም የፋብሪካ ኬሚካሉም። በዚያ መንገድ ዳር ያሉ የጤና ጣቢያ ሠራተኞችና የትራፊክ ፖሊሶች እነዚህን አራት አኃዞች ማንበብ እንዲችሉ ማስተማር የግማሽ ቀን ሥልጠና ነው። ከሩቅ ሆኖ በስልክ ካሜራ አጉልቶ ቁጥሩን ማንሳት ይቻላል፤ መቅረብ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ልብሱ። የተበከለውን ሰው ልብስ ማለቴ ነው።

በአሜሪካና በብሪታንያ ተመራማሪዎች ለዓመታት የተሠራው ሙከራ የደረሰበት ውጤት ግልጽ ነው፤ የውጭ ልብስን በፍጥነት ማውለቅ ብቻውን ሰውነት ላይ ያለውን ብክለት እስከ 80 እና 90 በመቶ ያስወግዳል። የተጋለጠ ቆዳን በሚመጥጥ ነገር፣ በሶፍት ወይም በጨርቅ፣ ሳያሹ ተጭኖ ማድረቅ ሲጨመርበት ውጤቱ ይጨምራል፤ ውሃው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መሆን አለበት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚተከል ዘመናዊ የመታጠቢያ ድንኳን ቆዳ ውስጥ የገባውን መርዝ አያወጣም። ለዚህ ነው የብሪታንያ የአምቡላንስ ደንብ በአሁኑ ጊዜ ልዩ ቡድኑን ሳይጠብቁ ሰዎቹ ራሳቸው ከቦታው እንዲርቁ፣ ልብሳቸውን እንዲያወልቁ፣ ቆዳቸውን እንዲያደርቁ በድምፅ ማጉያ የሚያዝዘው። ልዩነት የሚኖረው በንጥረ ነገሩ ዓይነት ነው፤ ቆዳን የሚያቃጥል አሲድ ወይም አልካሊ ከሆነ ደረቅ ማጽዳቱ ቀርቶ ወዲያው ብዙ ውሃ ማፍሰስ ነው። ፈሳሽ ሳይነካው ጋዝ ብቻ የተነፈሰ ሰው ደግሞ ከሁሉም በፊት የሚፈልገው አየር ነው።

ልብስ በመቀስ ይቀደዳል፣ በጭንቅላት በኩል አይወጣም፤ በጭንቅላት ከወጣ ፊትን ይነካል፣ መርዙም ወደ አፍና አፍንጫ ይገባል። ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን በእኛ አገር ሴትን በሆስፒታል ግቢ፣ በዘመድና በአስታማሚ ፊት፣ ልብስሽን አውልቂ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ብዙዎች እምቢ ይላሉ፤ እምቢ ማለታቸውም የሚገባ ነው። የውጭዎቹ ጥናቶችም ሰዎች የሚታዘዙት ምክንያቱ በግልጽ ሲነገራቸውና ክብራቸው ሲጠበቅ መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ መጋረጃ፣ ወንድና ሴት የሚለዩበት ሁለት መስመር፣ ሴትን የምታስተናግድ ሴት ነርስ፣ ከዚያም ወዲያው የሚደረብ ነገር ያስፈልጋል። ለእኛ ሆስፒታሎች የሚደረበው ነገር በጣም ቅርብ ነው፤ ጋቢ። በመጋዘን የተቀመጡ ሃምሳ ጋቢዎች፣ ሃምሳ ትልልቅ ከረጢቶች የተወለቀ ልብስ የሚታሰርባቸው፣ ጥቂት መቀሶችና የስም መጻፊያ ወረቀት ከአንድ ከውጭ ከሚገባ የመከላከያ ልብስ ያነሰ ዋጋ ሊያወጡ ይችላሉ። ውሃ በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ ያለ ውሃ የሚጀምር ዘዴ መኖሩ ትልቅ እፎይታ ነው። ዘዴው የተፈጠረው ለበለጸጉት አገሮች ቢሆንም ከእነሱ ይልቅ ለእኛ የሚመች ይመስለኛል።

ታማሚው ልብሱን ሳያወልቅ አምቡላንስ ውስጥ ከገባ፣ አምቡላንሱ ራሱ ይበከላል። የተዘጋ ትንሽ ክፍል ነው፤ ሹፌሩና ረዳቱ በውስጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዟ ሳልስበሪ ከተማ ኖቪቾክ የተባለው የነርቭ መርዝ የቀድሞውን የሩሲያ ሰላይ ሰርጌይ ስክሪፓልንና ልጁን ሲመርዝ፣ ቤቱን የፈተሸ አንድ የፖሊስ መርማሪም ተመርዞ ሆስፒታል ገብቷል፤ በአደጋው ላይ የተሰማሩ ተሽከርካሪዎች፣ አምቡላንሶችም ጭምር፣ በወታደሮች ተሸፍነው ከአገልግሎት ተነስተዋል። አምቡላንሱ የጥቂት ወረዳዎች ብቸኛ መኪና በሆነበት አገር ይህ የሚያስከትለው ኪሳራ ከአንድ ታማሚ በላይ ይሄዳል፤ ነገ ምጥ የያዛት እናት በምን ትሄዳለች?

የባለሙያው የመከላከያ ልብስ ደረጃ በደረጃ ነው። ከሁሉም የበላይ የሆነው አየር የማያስገባ ሙሉ ልብስ ሲሆን ለባሹ የሚተነፍሰው በጀርባው ካዘለው ሲሊንደር ነው፤ አደጋው ማዕከል የሚገቡት በዚህ ነው። ለሆስፒታል በር የሚመከረው ቀለል ያለ ነው፤ ኬሚካል የማያሳልፍ ልብስ፣ ድርብ ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ በባትሪ የሚነፋ ማጣሪያ ያለው የራስ መሸፈኛ። በዚህ ውስጥ መሥራት ከባድ ነው። ሙቀቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰውን ያደክማል፤ ስለዚህ ከመልበሱ በፊትና ካወለቀ በኋላ የደም ግፊቱና የልብ ምቱ ይለካል፣ ሌላ ሰው ይተካዋል። ጆሮ በደንብ አይሰማም፣ የልብ ማዳመጫ አይሠራም፣ በወፍራም ጓንት ደም ሥር ማግኘት የማይቻል ያህል ይከብዳል። የመርዝ ማርከሻዎች ጡንቻ ላይ በሚወጋ አውቶማቲክ መርፌ የተዘጋጁት ለዚህ ነው። ልብሱን ገዝቶ ሳጥን ውስጥ ማኖር ዝግጅት የማይሆነውም ለዚሁ ነው፤ ያልተለማመደው ሰው ሲያወልቀው ራሱን ይበክላል። በኮቪድ ዘመን መከላከያ ልብስ መልበስና ማውለቅን የተማሩ ነርሶቻችን የትኛው የሥራው ክፍል አደገኛ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ማውለቁ ነው።

ማርከሻው ላይ ስንደርስ አንድ የሚገርም እውነት አለ። የነርቭ ጋዝና የገበሬው ፀረ ተባይ ኬሚካል ዘመዳሞች ናቸው። ማላታይዮንና ዳያዚኖን ኦርጋኖፎስፌቶች ናቸው፤ ሳሪንም እንዲሁ፤ ልዩነታቸው በጥንካሬ ነው። ሁለቱም በነርቭና በጡንቻ መካከል መልእክት የሚያጠፋውን ኢንዛይም ያስራሉ፤ እጢዎች ሳይቆሙ ያመነጫሉ፣ ምራቅ፣ እንባ፣ ላብና አክታ ይፈስሳል፣ ሳንባ በራሱ ፈሳሽ ይጥለቀለቃል፣ በመጨረሻም የመተንፈሻ ጡንቻ ይዝላል። ማርከሻቸውም አንድ ነው፤ አትሮፒን፣ ካለም ፓም (ፕራሊዶክሲም የተባለው መድኃኒት)። በጃፓን ፓም በየሆስፒታሉ የተገኘው ለገበሬዎች ሕክምና ተብሎ የተቀመጠ ስለነበር ነው፤ በዚያ ሰኞ ቶኪዮ ያላት ሲያልቅ ከሌሎች ከተሞች በፈጣኑ ባቡር ተጭኖ መጣ።

ይህ ማለት የኢትዮጵያ የድንገተኛ ክፍል ነርሶችና ሐኪሞች ብዙ አገሮች በልምምድ ብቻ የሚያውቁትን በሽታ በዓይናቸው ያዩ ናቸው ማለት ነው። ማሳውን ያለ መከላከያ ሲረጭ የዋለ ገበሬ፣ ፀረ ተባይ በነበረበት ጄሪካን ውሃ የጠጣ ሕፃን በየሆስፒታሉ ይመጣሉ። የጠበበውን ብሌን ያውቁታል። አትሮፒን የሚሰጠው ብሌኑ እስኪሰፋ ሳይሆን ሳንባው እስኪደርቅና ትንፋሹ እስኪስተካከል መሆኑን፣ ለአንድ ከባድ ታማሚም በአሥሮች የሚቆጠሩ አምፑሎች ሊያልቁ እንደሚችሉ ያውቃሉ። የጎደለው ከአንድ ታማሚ ወደ መቶ ታማሚ የሚያሸጋግረው ነገር ነው። አንድ የክልል ሆስፒታል ዛሬ መደርደሪያው ላይ ስንት አምፑል አትሮፒን አለው? ሌሊት ቁልፉ ማን ጋ ነው? የሚቀጥለው ሆስፒታል ስንት አለው? ለእነዚህ ጥያቄዎች በአንድ ገጽ መልስ ያለው ተቋም በእውነት ተዘጋጅቷል እላለሁ። ተመሳሳይ ጥንቃቄ ለነቀዝ ተብሎ ጎተራ ውስጥ የሚቀመጠውን ክኒንም ይመለከታል፤ አሉሚኒየም ፎስፋይዱ እርጥበት ሲያገኝ የሚያወጣው ፎስፊን ጋዝ ታማሚው ሲተነፍስና ሲያስመልስ አብሮ ስለሚወጣ ሠራተኛውን ይጎዳል፤ መስኮት መክፈት እዚህ ላይ ሕክምና ነው።

አገራችን ለዚህ ጉዳይ አዲስ አለመሆኗንም ማስታወስ ይገባል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም የጣሊያን ወረራ ደጃፍ ላይ ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ ኢምሩ ሠራዊት ተከዜ አካባቢ ሳለ ከአውሮፕላን የተጣለ የሰናፍጭ ጋዝ ወረደበት። ቆይቶም በኮረም ዙሪያ በመርጫ ከአውሮፕላን እንደ ዝናብ ይነሰነስ ጀመር፤ ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቫ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው የተናገሩት ይህንኑ ነው። የሰናፍጭ ጋዝ ቅባታማ ፈሳሽ ነው፤ ሣርና ቁጥቋጦ ላይ ይቀመጣል፣ ሕመሙም የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ነው። በባዶ እግሩ የሚሄደው ወታደር ምንም ሳይሰማው በሣሩ ውስጥ አለፈ፣ ማታ እግሩ ቆሰለ። በጆን ሜሊ የሚመራው የብሪታንያ አምቡላንስ ቡድን፣ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ተወካይ ማርሴል ዡኖና ሌሎችም እነዚያን ቃጠሎዎች አይተው መሰከሩ። ጭምብል አልነበረም፣ መድኃኒቱም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። አያቶቻችን በዚያ ጊዜ ቢያውቁ የሚጠቅማቸው ዕውቀት ዛሬም ዋናው ዕውቀት ነው፤ የነካህን ልብስ ወዲያው አውልቅ፣ ቆዳህን አድርቅና ታጠብ፣ ሕመም እስኪሰማህ አትጠብቅ።

ከመርዙ ጋር ሁልጊዜ የሚመጣው ሌላ ጎርፍ ፍርሃት ነው። በብራዚል ጎያንያ ከተማ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1987 ሁለት ሰዎች ከተተወ የካንሰር ሕክምና ተቋም አንድ መሣሪያ ነቅለው ለብረታ ብረት ገዢ ሸጡ። በውስጡ ሴዚየም 137 የተባለ ጨረር አመንጪ ዱቄት ነበር፤ በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚያወጣ ቤተሰብና ጎረቤት እየተካፈለ ወሰደው፣ ሕፃናት ተጫወቱበት። ሰዎች በመታመማቸው የተጠራጠረች የገዢው ሚስት ዕቃውን በከረጢት ይዛ በአውቶቡስ ወደ ጤና ቢሮ ወሰደችው። አራት ሰዎች ሞቱ፤ አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ ናት። ባለሥልጣናቱ በከተማው ስታዲየም ከ112,000 በላይ ሰዎችን በመለኪያ መሣሪያ ፈተሹ፤ ብክለት የተገኘባቸው 249 ናቸው። አንድ የተበከለ ሰው ሲመጣ ከኋላው በመቶዎች የሚቆጠሩ የፈሩ ሰዎች ይመጣሉ ማለት ነው። እነሱን በቁጣ መበተን ሁለተኛ በደል ነው፤ ከዚያው በር ሳይገቡ የሚታዩበት፣ ስማቸው የሚመዘገብበት፣ ምን ምልክት ሲያዩ እንደሚመለሱ የሚነገርበት ሌላ ቦታ ያስፈልጋቸዋል።

ፍርሃት ራሱ እንደሚጎዳ እስራኤል አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1991 መጀመሪያ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት የኢራቅ ሚሳይሎች ኬሚካል ይዘው ይመጣሉ ተብሎ ለነዋሪው ሁሉ የጋዝ ጭምብልና የአትሮፒን መርፌ ታደለ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሱዳን በኩል የገቡት ወገኖቻችንም በታሸጉ ክፍሎች ውስጥ ጭምብል አድርገው ሳይረን አዳምጠዋል። ኬሚካሉ አልመጣም። ከ260 በላይ ሕፃናት ግን ሳያስፈልጋቸው አትሮፒን ተወግተው ተመረዙ፤ ደግነቱ የሞተ የለም። መሣሪያውን ለሰው መስጠት ከመመሪያው ጋር፣ መመሪያውም ሰው በሚሰማው ቋንቋ መሆን አለበት። አማርኛ ተናጋሪው በዋሽንግተንም በቤይሩትም በሪያድም ይኖራል፤ በድምፅ ማጉያ የሚነገር ትእዛዝ ባልገባው ቋንቋ ከሆነ፣ ልብሱን እንዲያወልቅ የተጠየቀ ሰው ተዋረድኩ ብሎ ይሸሻል።

ልምምድ ስለሚባለው ነገር አንድ ሐሳብ አለኝ። አብዛኛው ልምምድ በቀን፣ ካሜራ ባለበት፣ ሁሉም ኃላፊ በተገኘበት ይደረጋል። አደጋው ግን እሑድ ሌሊትም ይመጣል፤ ያኔ በሆስፒታሉ ያሉት አንድ ተረኛ ሐኪም፣ ሁለት ነርሶች፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛና በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ የተበከለውን ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ዘበኛው ነው። በር መዝጋት፣ ሰዎቹን ወደ ግቢው ክፍት ሜዳ መምራት፣ ተረኛውን መጥራት በእጁ ያለው እሱ ነው። እስከ ዛሬ ስለ ብክለት አደጋ የተሰጠ ሥልጠና ላይ ዘበኛ ተቀምጦ ካየሁ አላስታውስም። እኔ አሠልጣኝ ብሆን ከእሱ እጀምራለሁ። አንድ ወረቀት በመጠበቂያ ቤቱ ግድግዳ ላይ እለጥፍለታለሁ፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ሰዎች በአንድ ጊዜ እያስመለሱ፣ እያነቡ ወይም ትንፋሽ አጥሯቸው ከመጡ፣ ወይም ልብሳቸው የማይታወቅ ሽታ ካለው፣ ወደ ሕንፃው አታስገባ፣ ግን አትመልሳቸው፤ ወደ ዛፎቹ ምራቸው፣ ይህን ስልክ ደውል።

ሌላው ከሁሉም በፊት ድምፁን የሚሰማው ሰው የአምቡላንስ ጥሪ ተቀባዩ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ 907 ወይም 939 ላይ የሚደወለው ጥሪ አብዛኛውን ጊዜ «ቶሎ ድረሱልን» ከሚል ጩኸት በላይ አይናገርም። ተቀባዩ በእርጋታ የሚጠይቃቸው አምስት ጥያቄዎች ግን ቡድኑ ምን ይዞ፣ በየት በኩል እንደሚሄድ ይወስናሉ። ስንት ሰው ወደቀ? ሁሉም የሚያሳዩት ምልክት አንድ ነው? ምን ይሸታል፣ ምን ይታያል? መኪና ከሆነ ሰሌዳው ላይ ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ስንት ነው? ጭሱ ወይም ነፋሱ ወደየት ይሄዳል? ከዚያም አምቡላንሱ ሳይነሳ በፊት ለደዋዩ የሚነገረው፤ ነፋሱን በጎን ትታችሁ ራቁ፣ የነካችሁን ልብስ አውልቁ፣ ወደ እነሱ ዘላችሁ አትግቡ፣ መንገድ ላይ ነን።